የጋሽ ይፍሩ በርኖስ

ካሳዬ ሲደውልልኝ ገና «ሃሎ» ሳይል ነው የሚስቀው። የዚያን ዕለት አልሳቀም። «ጋሽ ይፍሩ አረፉ። ትናንት ቀበርናቸው» አለኝ። ምን ሆነው ነው ብዬ ጠየቅሁት፤ ሌላ ምን ይባላል? «ምን ይሆናሉ፣ ሳል ጀመራቸው፣ ከዚያ ተኙ፣ ከዚያ አለቀ» አለ። «ትመጣለህ?» ሲለኝ «እመጣለሁ እንጂ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?» ብዬ ጮህኩበት። ምን በድሎኝ እንደተቆጣሁት እንጃ። ስልኩን ዘጋሁና ደብረ ብርሃን በሚገኘው ቢሮዬ፣ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ያቺን ወንበር ያገኘሁት በጋሽ ይፍሩ ነው። እንዴት እንዳገኘኋት ከኔ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱም ዛሬ የት እንደደረሰ እግዜር ይወቀው።

ጋሽ ይፍሩ ዘበኛ ነበሩ። ሚሌኒየሙ ተከብሮ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ፣ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ አንድ የገጠር ውሃ ፕሮጀክት ነበር። ግቢው ሁለት ረድፍ የቆርቆሮ ቢሮ፣ አንድ መጋዘንና አራት መኪና ነበረው። ዘበኛው አንድ ነው፤ ቀንም ሌሊትም እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ወደ ዘመሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለው መንደራቸው ስንቅ ይልኩላቸዋል፤ እሳቸው በሩ ሥር ባለች የጭቃ ጎጆ ያድራሉ። ድሮ ወታደር ነበሩ። መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ሲበተን በእግራቸው አገራቸው ገቡና፣ አርሰው አልሆን ሲላቸው ዘበኝነት ያዙ። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ሲስቁ ነው፤ የሌላ ሰው ታሪክ የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት።

ረጅም ናቸው፣ ቀጭን ናቸው። በጋ ከክረምት ከላያቸው የማይወርድ ጥቁር በርኖስ ነበራቸው፤ የመንዝ በግ ፀጉር ነው፣ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ በእጃቸው ፈትለው ያሸመኑላቸው። በውስጥ በኩል፣ ደረታቸው ላይ፣ እትዬ አስካለ ኪስ ሰፍተውለታል። ከዚያ ኪስ የማይወጣ ነገር የለም፤ የገብስ ቆሎ፣ ወስፌ፣ መቁጠሪያ፣ የተረሳ የሰው ቁልፍ። አንድ ሰው የሆነ ነገር ጠፋኝ ካለ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ በርኖሱ ነው።

በሩን ሲያንኳኩባቸው «ማን ልበል?» ይላሉ። ይህ ምን ይደንቃል፣ ማንም ይለዋል ትሉኝ ይሆናል። እሳቸው ግን ድምፅህን እያወቁም ይላሉ። የካሳዬ ፒካፕ ገና ከወዲያኛው ቁልቁለት ማርሽ ሲቀይር «ካሳዬ መጣ፣ ፍሬኑን አላሠራውም አሁንም» ብለው ይነሳሉ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ግን «ማን ልበል?» ነው። ካሳዬ ይናደዳል። «ኧረ ጋሼ፣ እኔ ነኝ! ምን ነካዎት?» ይላል። «አውቃለሁ አንተ እንደሆንክ። ግን በር ላይ ስምህን አንተ ትናገራለህ እንጂ እኔ አልገምትልህም» ይሉታል። ከፍተው ሲያበቁ ቆሎ ይዘግኑለታል።

እኔ የሄድኩት በመረጃ ባለሙያነት ነው፤ ያውም በኮንትራት፣ በየስድስት ወሩ የሚታደስ። የደብረ ብርሃን ልጅ ስለሆንኩ ብርድ አውቃለሁ ብዬ በስስ ጃኬት ነው የገባሁት። በመጀመሪያው ቀን ማታ ጋሽ ይፍሩ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ልጄ፣ ይኼ የለበስከው ልብስ ነው ወይስ ወረቀት?» አሉኝ። ሄደው ከመኝታቸው ላይ ባናቸውን፣ ያን ወፍራም የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ ገፈው አመጡልኝ። እርስዎስ ስላቸው «እኔማ በርኖስ አለኝ» አሉ። መልስልኝ አላሉም፣ እኔም አልመለስኩም። ዛሬም ቤቴ አልጋ ላይ አለ፤ ልጆቼ ይሻክራል ብለው አይወዱትም።

ከዚያ ማሽኑ መጣ።

ኃላፊያችን አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄደው የሆነ ትልቅ ግቢ በር መኪና ሲያይ ራሱ ሲከፈት ተመለከቱ። ልባቸው እዚያው ቀረ። ለአራት መኪና! በበጀት ዓመቱ መጨረሻ ሁለት ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው ከትንሿ የእግረኛ በር አጠገብ ምሰሶ ተከሉ፣ ምሰሶው ላይ የትሪ ያህል ነጭ ሳጥን ሰቀሉ፣ መኪና በሚያልፍበት ላይ በሞተር የሚነሳ የኬላ ብረት አጋደሙ። ለየመኪናው አንዳንድ ካርድ ሰጡ። ካርዱ ባትሪ የለው፣ ሽቦ የለው፤ መስታወት ላይ ይሰካል። መኪናው ሲጠጋ ሳጥኑ ካርዱን ከሩቅ ያነበዋል፣ ብረቱን ያነሳል፣ የመኪናውን ቁጥርና ሰዓቱን ጽፎ እኔ ቢሮ ወዳለው ኮምፒዩተር ይልካል። ሲወጣ «ወጣ»፣ ሲገባ «ገባ» ይላል።

ሰውየው ይህን ሲያስረዳ ሁላችንም ቆመን እንሰማለን። ጋሽ ይፍሩ እጃቸውን እንደ ተማሪ አነሱ።

«ማን ልበል አይልም?»

«አይልም አባባ። ካርዱን ካየ በቃው።»

«ካርዱን ሌላ ሰው ቢይዘውስ?»

ሰውየው ሳቀ። «እሱን ነው የምለው! እንደ ዓይናችሁ ጠብቁት። ለዚህ ማሽን ካርዱ ማለት መኪናው ማለት ነው። ካርዱን የያዘ መኪናውን ያዘ።»

ጋሽ ይፍሩ አልሳቁም። «ካርዱ መኪናው ነው» አሉ ቀስ ብለው፤ የንስሐ አባት ትእዛዝ የሚቀበሉ ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ። በማግስቱ ኃላፊው ማስታወቂያ ለጠፉ። ካርዱን ከመስታወት ላይ የሚያነሳ ወይም የሚያጠፋ ሾፌር ከሥራ ይሰናበታል ይላል፤ ማኅተም አለበት።

ብረቱ ሦስት ሳምንት ተነሳ ወደቀ። መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ ሞተሩ ተቃጠለ። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ይመጣል ተባለ፤ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው። ጋሽ ይፍሩ ብረቱ ጫፍ ላይ ገመድ አሥረው በእጃቸው ማንሳት ጀመሩ፤ «ማን ልበል?»ም ተመለሰች። ሳጥኑ ግን የራሱ ባትሪ ስላለው ማንበቡንና መጻፉን አላቆመም። ያነሳውም ያወረደውም ነገር ሳይኖር ይጽፋል። ኃላፊው ሞተሩ መቃጠሉን ለዞን አልነገሩም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጋሽ ይፍሩ ቢሮዬ በር ላይ ቆመው «ያ ማሽንህ እኔን ወዶኛል» አሉኝ።

«እንዴት ጋሼ?»

«እሑድ ቅዳሴ ስሄድ ዓይኑን ይጠቅሰኛል። አረንጓዴዋን መብራት ብልጭ ያደርግልኛል። ስመለስም እንዲሁ። በሌላ ቀን አጠገቡ ስውል ዞር ብሎም አያየኝ።»

ከልቤ ሳቅሁ። «ጋሼ፣ እሱ ሰው አያይም። ካርድ ብቻ ነው የሚያየው» አልኳቸው።

«እኔን ግን ያየኛል» አሉ። «እኔም እግዜር ይስጥልኝ ብዬው አልፋለሁ።»

ሄደው ሲያበቁ ለብቻዬም ሳቅሁ። የተማርኩት እኔ ነኛ! ያን ቀን ከወንበሬ ተነስቼ አንዲት ጥያቄ ብጠይቃቸው ኖሮ ይህን አሁን አልጽፍም ነበር።

እሑድ ግቢው ሥራ የለም። ጋሽ ይፍሩ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ትልቁን የቆርቆሮ በር በሰንሰለት ይቆልፋሉ፣ በእግረኛዋ በር ይወጣሉ፣ እሷንም ይቆልፋሉ፣ ቅዳሴ አስቀድሰው በሦስት ሰዓት ይመለሳሉ። ኃላፊውም ያውቃሉ፣ ፈቅደዋል። በሳምንት ውስጥ ከዚያ በር ሥር የሚጠፉት ያችን ሦስት ሰዓት ብቻ ነው።

ከኃላፊው ጋር የተቀያየሙት በአንድ እንግዳ ምክንያት ነው። ከዞን ትልቅ ሰው መጣ፤ መኪናው ካርድ የለውም። ኃላፊው ከጎኑ ተቀምጠው አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ክፈት!» አሉ።

«ማን ልበል?» አሉ ጋሽ ይፍሩ።

«እኔ ነኝ! አላየኸኝም?»

«እርስዎንማ አየሁ። እንግዳውን ማን ልበል?»

እንግዳው በሳቅ ፈረሰ። ስሙን ተናገረ፣ ጨበጣቸው፣ «እንዲህ ያለ ጥበቃ እኛ ጋ የለም» አለ። ኃላፊው ግን አልሳቁም። አንገታቸው ላይ ያለችው የደም ሥር ስትነሳ ከቢሮዬ መስኮት አይቻታለሁ።

ያው እንግዳ ሲሄድ አንድ ነገር ጠይቆ ሄደ። ይህ ማሽን እስካሁን ምን ችግር ፈታ? ምርጥ ተሞክሮ ሆኖ ለሌሎች እንዲቀመር በሪፖርት አምጡ። ያን ጊዜ ምርጥ ተሞክሮ ያለው ሰው ያልፍለታል። ኃላፊው ሁለት ቀን ቢሯቸውን ዘግተው ዋሉ። ምን ይጻፍ? ብረቱን የሚያነሳው ጋሽ ይፍሩ በገመድ ነው ተብሎ ይጻፍ? ማሽኑ ሌባ መያዝ ነበረበት።

በሦስተኛው ቀን መጡና «የእሑድ እሑዱን መዝገብ አውጣ እስቲ» አሉኝ። ከፈትኩት። እኔ ራሴ እሑድን አይቼው አላውቅም፤ ማን ይወጣል ብዬ? ስክሪኑ ላይ ፒካፑ አለ። እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ወጣ፤ ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ገባ። ያለፈው እሑድም፣ ከዚያ በፊት የነበረውም እንዲሁ። የኃላፊው ፊት በራ። «ይኸውልህ! ቅዳሴ እየተባለ የመንግሥት መኪና የግል ሥራ ይሠራበታል። አትምልኝ» ብለው ወጡ።

ላትም ስል መዝገቡን ወደ ታች እየወረድኩ አነበብኩት። ፒካፑ ብቻ አይደለም። ሁለቱ ላንድክሩዘሮችም፣ የጭነት መኪናውም ወጥተዋል። አራቱም። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ደቂቃ። ያ በር አንዱን መኪና እንኳ የጎን መስታወቱን እያጠፈ ነው የሚያሳልፈው። እየሮጥኩ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ።

«ጌታዬ፣ ማሽኑ ስህተት አለበት። አራቱም መኪና ባንድ ደቂቃ ወጡ ይላል። ይህ ሊሆን አይችልም።»

ከወረቀታቸው ላይ ቀና አላሉም። «የጠየቅሁህ የፒካፑን ነው።»

«አዎ ግን...»

«ምርጥ ተሞክሮ ብለን የጻፍነውን ማሽን ተሳሳተ ልንል ነው?» ቀና አሉ። «ኮንትራትህ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«በዚህ ወር መጨረሻ።»

«ቋሚ የሚሆኑ ሠራተኞችን ዝርዝር እያየሁ ነው። ሂድና የፒካፑን አትም።»

አተምኩ። ሌላ ምን ልበላችሁ? እጄ ሲንቀጠቀጥ ነበር ብል ለራሴ ማዘን ይሆንብኛል። አልተንቀጠቀጠም። ወረቀቱ ሞቅ እንዳለ ወስጄ ሰጠኋቸው።

ግምገማው ሐሙስ መጋዘኑ ውስጥ ሆነ። ሠራተኛው ሁሉ አግዳሚ ላይ ተደርድሯል። ጋሽ ይፍሩ ባርኔጣቸውን ይዘው ፊት ቆመዋል። ኃላፊው ወረቀቱን አነበቡ፤ ኪራይ ሰብሳቢነት አሉ፣ ያለፈው ሥርዓት ቅሪት አሉ፣ በቴክኖሎጂ ተጋለጠ አሉ። ከዚያ ወረቀቱን እያወዛወዙ «በሩን ለማን ነው የምትከፍተው? ተናገር!» አሉ። ሰባ ሊሞላቸው የደረሱትን ሰውዬ አንተ እያሉ።

«እኔ በዚያ ሰዓት ቅዳሴ ነኝ» አሉ ጋሽ ይፍሩ። «በሩን ቆልፌ ነው የምሄደው። ቁልፉ ከኔ ጋር ነው።»

«ታዲያ ቁልፉን ለማን ሰጠኸው?»

«ለማንም።»

የፒካፑ ሾፌር ካሳዬ ነው። እሱ ሦስቱንም እሑድ ወንድሙን ሊድር አገሩ ሞላሌ ነበር፤ መቶ ምስክር አለው። ስለዚህ የቀረው ዘበኛው ብቻ ነው። አንዱ ተነስቶ ጋሽ ይፍሩ ግለ ሂስ ያድርጉ አለ። ሌላው ደገመው። እነዚህ ሁሉ ቆሏቸውን የበሉ ሰዎች ናቸው። ካሳዬ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል፤ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ጋሽ ይፍሩ ዓይናቸው ሲንከራተት እኔ ላይ መጣና ቆመ። ፊታቸው ፈካ አለ፤ የሚያውቁት ሰው በር ላይ ሲያዩ እንደሚሆኑት።

«ይኸ ልጅ ያውቃል» አሉ። «ማሽኑ የሱ ነው። ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ማሽኑ መኪናው ወጣ ይላል?»

ኃላፊው አዩኝ። ሁሉም አዩኝ።

«ይላል ጋሼ» አልኩ።

ውሸት አልተናገርኩም እኮ! ማሽኑ ይላል። ለስንት ዓመት በዚች ቃል ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ። ጋሽ ይፍሩ ትንሽ እንደቆሙ «እንዲህ ነው?» አሉ፤ የጠየቁት እኔን ይሁን ራሳቸውን አላውቅም።

የስንብት ደብዳቤው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደረሳቸው። ሾፌሮቹ መኪናቸውን አስገብተው፣ ቁልፍ አስረክበው ሄደዋል። ጋሽ ይፍሩ ቢሮዬ ገቡና በሩን ከኋላቸው ገርበብ አደረጉ። እጃቸውን ወደ በርኖሳቸው ደረት ኪስ ሰደዱና የተቋጠረ መሐረብ አወጡ። ቋጠሮውን ጠረጴዛዬ ላይ በቀስታ ፈቱት።

አራት ካርድ።

«የልጆቹ ነው» አሉ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ይሰጡኛል፣ ሰኞ ጠዋት እመልስላቸዋለሁ። መኪናው እስከ ሰኞ ሁለት ሌሊት ሳይንቀሳቀስ ሲያድር የመንዝ ውርጭ መስታወቱን ሲይዘው ካርዱ እየተላቀቀ ይወድቅባቸው ነበር። ተሰብሮ ወይ ጠፍቶ ከሥራ እንዳይባረሩ እኔ ደረቴ ላይ አሳድረዋለሁ። ሰኞ እኔ የለሁም፤ አንተ ስጥልኝ።»

«ጋሼ፣ ቅዳሴ ሲሄዱም... ይዘዋቸው ነው የሚሄዱት?»

ተገረሙብኝ። «ታዲያስ! የሰው አደራ ምስማር ላይ ሰቅዬ ልሂድ? ካርዱ መኪናው ነው አላለም ሰውየው? አራት መኪና ባዶ ጎጆ ውስጥ ትቼ ምን ዓይነት ቅዳሴ ነው የማስቀድሰው?»

ከዚያ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አደራ፣ ለኃላፊው እንዳትነግረው። ማስታወቂያው አለ፤ ልጆቹን ያባርራቸዋል።»

ካሳዬ ጫማውን ያይ የነበረው ለዚህ ነው። ጋሽ ይፍሩ ያን ሁሉ ስድብ ቆመው ሲሰሙ የካርዱን ነገር ትንፍሽ ያላሉት ለሾፌሮቹ እንጀራ ብለው ነው። ካርዱና ክሱ አንድ ነገር መሆናቸው ደግሞ በሐሳባቸውም አልመጣም። እንዴት ይምጣ? ሰው አያይም ብያቸዋለሁ። ካርድ ብቻ ነው የሚያየው ብያቸዋለሁ። ያን የሚያገናኝ ሰው በዓለም ላይ ቢኖር እኔ ነበርኩ፤ ያን ጊዜ እፊታቸው ተነስቼ «ጋሼ፣ መኪናው አልወጣም፣ የወጡት እርስዎ ነዎት» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «እሺ ጋሼ፣ አልነግርም» አልኩ። አደራ አሉኝ እኮ! ያችን ቃላቸውን ምሽግ አድርጌ ተኛሁባት።

ዕቃቸውን በጆንያ ተሸክመው ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው። ምሰሶው ሥር ሲደርሱ ቆሙና ወደ ሳጥኑ ቀና አሉ። መብራቷ አልበራችም። «ዛሬ ደግሞ አኮረፍከኝ?» ሲሉት ሰማሁ። ወጡ፣ የእግረኛዋን በር ከውጭ ጎተት አድርገው መያዟን አዩና ሄዱ። ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውት ነበር።

እኔ ካርዶቹን ኮቴ ኪስ ከትቼ በምሰሶው ሥር አለፍኩ። ብልጭ አለች። ተመልሼ ስክሪኑን አየሁ፤ አራት መኪና ባንድ ደቂቃ ወጥቷል። አጠፋሁት። ሰኞ ካርዶቹን ለየባለቤቶቹ አደልኩ፣ የተባልኩትን ፈጸምኩ። ወሩ ሳያልቅ የቋሚነት ደብዳቤዬ መጣ፤ ቆይቶም ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወርኩ። ሪፖርቱ ምርጥ ተሞክሮ ተብሎ ተጨበጨበለት። ኃላፊው አደጉ። ፕሮጀክቱ ተዘጋ። ነጩ ሳጥን ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታለች አሉ።

አምስት ዓመት አለፈ። በየዓመቱ ለጥምቀት ሄጄ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። በየዓመቱ የሆነ ነገር ይመጣል። ምንም አይመጣም፣ እውነቱን ልናገር ካልኩ፤ ፈርቼ ነው።

ለቅሶው ላይ ካሳዬ መንገድ ላይ ጠብቆኝ አብረን ገባን። እትዬ አስካለ ጥቁር ለብሰው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አላወቁኝም። ካሳዬ «ያ የማሽኑ ቢሮ ውስጥ የነበረው ልጅ ነው» አላቸው። ሊያስወጡኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እጄን ሳብ አድርገው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«አንተ ነህ? ይፍሩ ስላንተ ክፉ ቃል አልተናገረም» አሉኝ። «ሌላው ሁሉ ቢዋሽ ያ ልጅ አይዋሽም ይል ነበር። እሱ ይላል ካለ፣ መኪናው ወጥቷል ማለት ነው፤ እንግዲህ እኔ ነኝ በሩን ሳልቆልፍ የሄድኩት ይለኛል። እኔ ደግሞ ኧረ ቆልፈሃል፣ ልማድህ ነው፣ ሳትነካካው አትሄድም ስለው፣ በምን አውቃለሁ፣ እርጅና ነው፣ ቅዳሴ ረፈደብኝ ብዬ ስሮጥ ረስቼው ይሆናል ይላል።»

ቆሎ ያለበት ሰፌድ ፊቴ አደረጉ። ማን ይነካዋል!

«ለንስሐ አባቱ ነገረ» አሉ። «ይፍታህ አሉት። አልቀበልም አለ። ቅዳሴ አስቀድሳለሁ ብዬ ነው የሰው አደራ የበላሁት፣ ከእንግዲህ ውስጥ መግባት አይገባኝም አለና እሑድ እሑድ በቅጥሩ በር ላይ ይቆማል። በዝናቡም በውርጩም። ሰው ቅዳሴ አስቀድሶ እስኪወጣ ያን በር ይጠብቃል። ቄሱ ቢለምኑት፣ እኔ ባለቅስ፣ አልሰማ አለ። አምስት ዓመት! ሳሉ የመጣው ከዚያ ነው። ደረቱን ውርጩ በላው።»

ካሳዬ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጎተተ።

«እትዬ፣ ቆልፈው ነበር» አልኩ።

«ምን አልክ?»

ነገርኳቸው። ካርዱን፣ ኪሱን፣ መሐረቡን፣ ራሳቸው ፈትለው ያሸመኑትን በርኖስ፣ አረንጓዴዋን መብራት፣ አራቱ መኪና ባንድ ደቂቃ መውጣቱን። ካሳዬ ተነስቶ ወጣ። እትዬ አስካለ አልጮሁም። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ይህን መቼ ነው ያወቅኸው?»

«በተሰናበቱ ቀን።»

እጄን ለቀቁት። «እንግዲያ ለኔ ምን ትነግረኛለህ?» አሉ፤ በአገጫቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አመለከቱኝ። «እሱ ጋ ሂድና ንገረው።»

ሄድኩ። መቃብራቸው ከቅጥሩ በር አጠገብ ነው፤ እዚያ ቅበሩኝ ብለው ነው አሉ። አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ማንም የለም። በሩ ተዘግቷል፤ እሳቸው የቆሙበት መሬት ሣሩ ሞቶ ሁለት እግር ያህል ተላልጦ ይታያል። ማን ልበል የሚለኝ ሰው ብጠብቅ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ስሜን ተናገርኩ፣ ከነአባቴ።

ከዚያ «ጋሼ» አልኩ፣ «በሩን ቆልፈውት ነበር።»